በቦምቤይ የእህል ሰፈር የቆምኩባቸው ማለዳዎች

ጎረቤታችን ወይዘሮ ዘነቡ ለልብ ሕክምና ወደ ህንድ እንድትሄድ ሐኪሞች ወስነውላት፣ ሰሞኑን አብራት የምትሄደውን ትልቋን ልጇን ይዛ ቤቴ መጣች። ሰላምታው ካለቀ በኋላ ወንበሯን አስጠጋችና፣

«ጋሼ ይመር፣ እርስዎ ህንድ ነበሩ አሉ» አለችኝ።

«ነበርኩ። በደርግ ጊዜ።»

«ሰፈሩ እንዴት ነው? ሌባ ይበዛል ይላሉ። ሰዉስ እንግዳ ላይ ይቆጣል?»

«ሌባው እንደ እኛው ነው፤ ኪስሽን ጠብቂ፣ ይበቃል። እኔ በገባሁበት ሰፈር ግን ሰው ያስፈራሁት እኔ ነበርኩ» አልኳት።

ልጇ ሳቀች፤ ዘነቡ አልሳቀችም። ወደማያውቀው አገር የሚሄድ ሰው ቀልድ አይጥመውም። እኔም ቀልዴን አልነበረም። ገንዘቧን ሁለት ቦታ ከፍላ እንድትይዝ፣ መንገድ ሲጠፋት ቆሞ የሚጠብቃትን ሰው ትታ ሥራ ላይ ያለ ባለሱቅ እንድትጠይቅ፣ ያልፈላ ውኃ እንዳትጠጣ፣ ሳታስፈቅድ የሰው ፎቶ እንዳታነሳ፣ የምትሰጠውንም የምትቀበለውንም በቀኝ እጇ እንድታደርግ ነግሬ ሸኘኋት። ዋናውን ግን አልነገርኳትም። ዋናው ረጅም ነው። ስለዚህ ጻፍኩት።

የእህል ንግድ ከተውኩ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሱቁን ለልጄ አስረክቤያለሁ። እሷ ጆንያ ውስጥ የምትሰካው ዘንግ ያለው ማሽን አላት፤ ይሰካል፣ ቁጥር ያወጣል፣ እርጥበቱ ይታወቃል። ማሽኑ አይሳሳትም፤ ከገበሬው ጋርም አይጣላም። አንዳንድ ቀን ሱቁ በር ላይ ተቀምጬ ሳየው እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል፤ ዓይኔ ክድን ሲል ምስር ከእጅ ወደ እጅ ሲንቆረቆር ይሰማኛል። ደረቅ ምስር ሲፈስ ሩቅ ኮረብታ ላይ የሚዘንብ ዝናብ ይመስላል። እርጥቡ ድምፁ የታፈነ ነው፤ ጋቢ ተከናንቦ እንደሚያወራ ሰው።

ይህን ያስተማሩኝ መሪጌታ አድማሱ ናቸው። መሪጌታ የሚለውን ስም ያወጣላቸው ገበያው ነው እንጂ ዜማውን ገና ሳያጋምሱ ነው ጥለው የወጡት። «ድምፄ ለማኅሌት አልሆነም፣ ለዋጋ ክርክር ግን ይበቃል» ይሉ ነበር። በቆሎ ተማሪነታቸው አኩፋዳ አንግተው፣ የዕለት እንጀራቸውን ከማያውቋቸው ሰዎች በር ላይ ለምነው ነው ያደጉት። ነጋዴ ሲሆኑም ያንን አካሄድ አልተውም።

አብሬያቸው የወሎውን ቦረና፣ ለጋምቦን፣ እስከ ኩታበር ያለውን ገበያ ሁሉ ዞሬያለሁ። አዲስ መንደር ስንደርስ የመጀመሪያው ውሻ የጮኸበት ቦታ ላይ ይቆማሉ። ጭነታችንን እናወርዳለን። ይስላሉ። ሰው እስኪወጣ ድረስ አንድ እርምጃ አይጨምሩም። ጉም በሚወርድበት ወራት አንዳንዴ ግማሽ ቀን ሙሉ እዚያው ነጭ ነገር ውስጥ እንቆማለን፤ መንደሩን አናየውም፣ መንደሩም አያየንም፤ ውሻው ብቻ ያውቀናል። ቤት ሲደርሱ «ቤቶች!» ብለው ጎናቸውን ሰጥተው ይቆማሉ። አንድ ጊዜ እኔ ፊት ለፊት ቆሜ ወደ ውስጥ ሳይ ያዙኝ።

«ምን ታያለህ?» አሉኝ።

«ምንም።»

«ምንም ካላየህ ምን አስገተረህ? የሰው ድህነት ልትቆጥር ነው?»

ከሁሉ በላይ ግን፣ በማያውቁት መንደር አስቀድመው አንድ የመንደሩን ሰው ይይዙ ነበር። «አስገቢ» ይሉታል። ሽማግሌ ሊሆን ይችላል፣ ካህን ሊሆን ይችላል፣ ጠላ ሻጭም ሊሆን ይችላል። ያንን ሰው ሳይይዙ ጆንያ አይፈቱም። እኔ ወጣት ነበርኩና ጊዜ ማባከን ይመስለኝ ነበር።

ምስሩን ደግሞ እንዲህ ነበር የሚያዩት። ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ጆንያው ውስጥ ይሰዳሉ፤ መሐሉ የሚሞቅ ከሆነ እርጥብ ነው። ከታች ዘግነው ያሸታሉ። ቀጥለው አንድ ፍሬ በፊት ጥርሳቸው ይነክሳሉ። ቀጭ ካለ ደርቋል፤ ከተጣበቀ አልደረቀም። ብቻውን ግን አይፈርዱም፤ አጠገቡ ካለው ከሌላ ጆንያም አንድ ፍሬ ይነክሳሉ፣ ለማነጻጸር። ሲጨርሱ እፍኙን እዚያው ጆንያ ውስጥ መልሰው ያፈሱታል፤ አንዲት ፍሬ እንኳ እጃቸው ላይ እንዳልቀረች ለባለቤቱ መዳፋቸውን ዘርግተው ያሳያሉ። በእኛ ገበያ ይህ ጨዋነት ነው። ሳይነክስ የሚገዛ ሰው የተሰረቀ ገንዘብ የያዘ ይመስለናል፤ እፍኙን ኪሱ የሚከት ደግሞ ሌባ ነው።

ደርግ መጣና የግል ነጋዴነታችን ቀረ። ፈቃዳችን ተወስዶ የመንግሥት እህል ገዢ መሥሪያ ቤት ቀጠረን፤ እኔን ገዢ፣ እርሳቸውን የመጋዘን ኃላፊ አድርጎ። ደመወዙ የሚወራለት አይደለም። ስለ ወረቀቱ ደግሞ ባወራ ዛሬም አልጨርስም። መጀመሪያ አቀስታ መደቡኝ፤ ብርዱ ብዕሬን ያደርቀው ነበር። ቀጥሎ ኩታበር፤ እዚያ የነበረው አለቃዬ ባቄላና አተር የማይለይ፣ ግን ስለ ሁለቱም ረጅም ንግግር የሚችል ሰው ነበር። በመጨረሻ መካነ ሰላም፣ ከመሪጌታ ጋር መልሰው አገናኙኝ።

መካነ ሰላም ውስጥ በዚያ ጊዜ ገና ያልተረሳ አንድ ሰው ነበር፤ ሚስተር ጆሺ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የሒሳብና የሳይንስ መምህር የነበረ ህንዳዊ ነው። ሥጋ፣ እንቁላል አይቀምስም። ካህናቱ ዓመቱን ሙሉ የሚጾም ሰው አገኘን ብለው በጣም አከበሩት። በንጉሡ ዘመን እዚያው መካነ ሰላም የነበረው ሱቄ እየመጣ ምስር ይገዛኝ ነበር፤ ሁልጊዜም ካልተፈታ ጆንያ እንድሰጠው ይለምነኛል። ብልጥ ገዢ ነው ብዬ አደነቅሁት። ውሉ አልቆ ወደ አገሩ ሲሄድ የቦምቤይ አድራሻውን በካርቶን ቁራጭ ላይ ጽፎ ሰጠኝ። «ከመጣህ ና አቦ» አለኝ። አማርኛውን ከወሎ ገበያ ነው የተማረው። እኔ ቦምቤይ! ሳቅሁና ካርቶኑን ሣጥን ውስጥ ከተትኩት።

አንድ ዓመት ጥሩ ምስር ሆነ። እኔ ገዛሁ፣ መሪጌታ መጋዘን አስገቡ፣ በአቀስታ አድርጎ ደሴ፣ ከደሴ አሰብ ወረደ፣ ከዚያ በመርከብ ቦምቤይ ሄደ። ከወራት በኋላ ደብዳቤ መጣ። የቦምቤዩ ገዢ ምስሩ ረጥቦ ደረሰኝ፣ ሚዛን እንዲያነሳ ከመጫኑ በፊት ውኃ አርከፍክፈውበታል ብሎ ከሰሰ። በዚያ ዘመን ይህ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው። የኢኮኖሚ አሻጥር ደግሞ ሰው የሚቀበርበት ነገር ነበር።

መሪጌታን ሊወስዱ ሲመጡ እኔ መጋዘኑ በር ላይ ነበርኩ። ሰነዱ ላይ የሁለታችንም ፊርማ አለ። ከመጡት አንዱ «እሱስ?» ብሎ ወደ እኔ አመለከተ። መሪጌታ ቀደም አሉና፣

«ቁልፉ በእኔ እጅ ነው የሚያድረው። እሱ ገዝቶ አስረክቦ ይሄዳል፤ ስለ መጋዘን ምን ያውቃል?» አሉ።

ሁለት ቁልፍ እንደነበረን፣ አንዱ በዚያች ደቂቃ ኪሴ ውስጥ እንደነበረ እኔም እርሳቸውም እናውቃለን።

ደሴ ወህኒ ቤት አስገቧቸው። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ አንድ ጥሩ ሰው ነበር፤ ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ እርሱ አንድ ነገር አስፈቀደልን። ምስር የሚያውቅ ሰው ቦምቤይ ሄዶ እህሉን ይይ፤ ውኃው በጉዞ ላይ የደረሰ መሆኑን ገዢው ፈርሞ ካመነ መሪጌታ ይፈቱ፤ ተጓዦቹ እስኪመለሱ ድረስ ምርመራው ይቁም። ምርመራ ማለት በዚያ ጊዜ ምን ማለት እንደነበረ የኖረበት ያውቀዋል። የሚሄደውም እኔ ሆንኩ፤ ከእኔ ጋር ደግሞ እንግሊዝኛ የሚችል ካድሬ፣ ጓድ ሽፈራው።

ከመነሳቴ በፊት የመሪጌታ ባለቤት እትዬ አስካለ ስንቅ አድርሰው ሲመለሱ መልእክት ይዘውልኝ መጡ።

«ይመርን በይው፣ አስገቢ ሳይይዝ እንዳይገባ ብሏል።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። አብሽር ብሏል።»

ባሕር ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ከአውሮፕላን ስንወርድ አየሩ እንደረጠበ ብርድ ልብስ ተጠመጠመብኝ። የክረምታቸው ዝናብ ገና ማቆሙ ነበር፤ ግድግዳው ሁሉ ላብ ያልበዋል። ያ ከተማ እስከ ዛሬ በሐሳቤ የሚመጣው ውኃ ውስጥ እንዳለ ሆኖ ነው። ሰዉ ቀስ ብሎ የሚዋኝ፣ ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ፣ ላሞቹ በመኪናው መሐል እንደ ጀልባ የሚንሳፈፉ።

ጠዋት ጓድ ሽፈራው የሚስተር ጆሺ አድራሻ ያለበትን ካርቶኔን አይቶ፣ «ይህን መምህር አስቀድመን እንፈልግ ወይስ ቀጥታ ነጋዴው ጋ እንሂድ? አንተ ነህ ባለሙያው» አለኝ።

ወቀሳውን በእሱ ላይ ብጥል ደስ ባለኝ። ግን ጠየቀኝ፤ መለስኩለት። መሪጌታ ወህኒ ቤት ተቀምጠው እኔ ወዳጅ ስፈልግ አልውልም አልኩ በልቤ። ደግሞ ሃያ ገበያ የገባ ሰው አንድ ገበያ ያቅተዋል?

«ቀጥታ» አልኩት።

የእህል ነጋዴዎቹ ሰፈር ጠባብ መንገድ ነው። ከታች ሱቅና መጋዘን፣ ከላይ መኖሪያ ቤት፣ ከሰገነቱ ላይ የተሰጣ ረጃጅም ጨርቅ። ተሸካሚዎች ጆንያ በራሳቸው ላይ አድርገው እየሮጡ ያልፋሉ። ቢጫ ምስር፣ ጥቁር ምስር፣ እንደ ብርቱካን የቀላ ምስር በየበሩ ተከምሯል። እኔ ገነት የገባሁ መሰለኝ። ገና ከመንገዱ አፍ ላይ ጸጉሩን ዘይት የተቀባ አንድ ወጣት «ወዳጄ፣ ወዳጄ» እያለ ክንዴን ያዘ፤ ሆቴል ላሳይህ ይላል። ያን ማምለጡን አውቄበታለሁ፤ ከመንገዱ ጥግ የተቀመጠውን ሚዛን ሠሪ ሄጄ የሱቁን ስም አሳየሁት፤ ዘይታሙ ሰውዬ ወዲያው ጠፋ። በራሴ ኮራሁ። ኮርቼም ገባሁ።

ነጋዴው ሚስተር ሻህ ይባላል፤ ነጭ የለበሰ፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። በሩ ላይ ጫማዬን አወለቅሁ፤ ይህን ከቤተ ክርስቲያን አውቀዋለሁ። ጓድ ሽፈራው ቡትሱን እንዳጠለቀ ዘለቀ። ሚስተር ሻህ ቡትሱን አየና ዓይኑን መለሰ። የእኛን ምስር ጆንያ አስቀርቦ አስፈታ። ከጎኑ፣ አበባ የተደረገለት የአምላካቸው ሥዕል ሥር፣ ሌላ የተከፈተ ጆንያ ነበር፤ የአገራቸው ምስር።

ክንዴን ከተትኩ። መሐሉ ሞቋል፤ ረጥቧል፣ ሐሰት የለበትም። ዘገንኩ፣ አሸተትኩ። ነከስኩ።

ጨው!

ልጣጩ ላይ ጨው አለ። የእኛ አገር ዝናብ ጨው የለውም፣ የእኛ ምንጭ ጨው የለውም። የባሕር ውኃ ነው! ልቤ ዘለለ። መሪጌታን ከወህኒ ቤት ሲወጡ አየኋቸው። አሁን ለማነጻጸር ሌላ መንከስ አለብኝ። ከሥዕሉ ሥር ካለው ጆንያ አፈስኩ፣ አንዷን ነከስኩ፤ ጨው የለም። የቀረውን እፍኝ በጥንቃቄ እዚያው መለስኩና፣ አንድ ፍሬ እንዳልወሰድኩ ለማሳየት ሁለት መዳፌን ለሚስተር ሻህ ዘረጋሁለት። ፈገግ ብዬ።

ሚዛን ላይ የነበረው ጸሐፊ እጁ አየር ላይ ቀረ። ከደረጃው ላይ የአንዲት አሮጊት ድምፅ መጣ፤ አጭር ነው። የሚስተር ሻህ እናት ናቸው፤ ነጭ ሻሽ ተከናንበው ቆመው ሁሉንም አይተዋል። ሚስተር ሻህ ተነሳና ወደ በሩ አመለከተ።

«ምን አለ?» አልኩት ጓድ ሽፈራውን።

«ውጡ ነው የሚለው።»

«ምን አደረግን?»

«እኔ ምኑን አውቄ? አንተ ነህ ባለሙያው።»

በማግስቱ አልተቀበለንም። በሦስተኛው ቀንም። የጓድ ሽፈራው የጉዞ ፈቃድ አለቀ። «እምቢ አሉ ብዬ ሪፖርት አደርጋለሁ» አለኝ። ለመንኩት። «ቆይ ከፈለግህ፤ ግን ሚስትህና ልጆችህ መካነ ሰላም እንዳሉ አትርሳ» ብሎኝ ሄደ።

ያን ጊዜ ካርቶኔን ይዤ ወጣሁ። ሚስተር ጆሺን በባቡር ሐዲድ አጠገብ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ አገኘሁት። ሸብቷል። በሩን ከፍቶ አየኝና፣

«ወላሂ ይመር ነሽ!» አለ፤ ወንድና ሴት መለየቱን ለጊዜው ረስቶታል። አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ነገርኩት። እየሰማ እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ።

«ከሥዕሉ ሥር ካለው ጆንያ ነክሰህ መለስክ?»

«መለስኩ። አንዲት አልወሰድኩም።»

«ብትወስዳት ይሻል ነበር! አፍ የነካው እጅ የነካውን እህል ሌላ ሰው አይበላውም። ለአምላክ የቀረበ፣ ለድሃ የሚሰጥ እህል ከሆነማ… ይመር፣ መካነ ሰላም ሳለሁ ካልተፈታ ጆንያ ስጠኝ እያልኩ የምለምንህ ለምን መሰለህ?»

«ብልጥ ስለሆንክ።»

«በቀን ስንቱ ገበሬ ነክሶ እንደሚመልስ አይ ስለነበረ ነው! አገራችሁ ነው፤ ምን ልበል? ዝም ብዬ አዲስ ጆንያ ለመንኩ።»

ያን ቀን የተሰማኝን መጻፍ አልችልም። ይህ ሰው ስንት ዓመት በእኛ መሐል ሲኖር፣ አንድ ቀን እንኳ ሳያሳፍረን፣ ሳይጸየፈን፣ መንገዱን በጨዋ ልመና ዙሮ ሲያልፍ ኖሯል። እኔ በአንድ ጠዋት አልቻልኩም።

የሚደረገውን እሱ ነገረኝ። አንድ ያልተፈታ ጆንያ ምስር ገዛሁ፤ እኔ ሳልነካው ተሸካሚ አድርሶ በእነሚስተር ሻህ በር ላይ አስቀመጠው። ሚስተር ጆሺ ጥጉ ላይ ካለው ሚዛን ሠሪና ከጣፋጭ ሻጩ ጋር አስተዋወቀኝ፤ ማን እንደሆንኩ፣ ምን እንዳጠፋሁ፣ ለምን እንደምቆም ነገራቸው። «አሁን ሰፈሩ ያውቅሃል» አለኝ። «በየማለዳው ና። ቁም። እጅህን አጋጥመህ ሰላም በል። ሱቁ ሲከፈት አይተህ ሂድ። አትግባ።» እሱ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደ።

ቆምኩ። የመጀመሪያውን ቀን ሁሉም አፍጥጠው አዩኝ። ወደ ሰገነቱ ቀና ብዬ አላየሁም፤ የሴቶች ቤት ነው። ተሸካሚ ሲመጣ ግድግዳ ታክኬ አሳልፋለሁ። በሁለተኛው ቀን አንዱ ተሸካሚ ሲያልፍ በቅንድቡ ሰላም አለኝ። በሦስተኛው ጣፋጭ ሻጩ ጥላ ወዳለበት እንድጠጋ ምልክት ሰጠኝ፤ ያ ዘይት የተቀባው ወጣትም አጠገቤ ቆሞ ምንም ሳይጠይቀኝ ሄደ። የሰፈር ሰው ሆኛለኋ! ፀሐይዋ ከቤቶቹ በላይ ስትመጣ የምስሩ አቧራ መንገዱ ላይ እንደ ወርቅ ጉም ይንሳፈፋል። አንዳንዴ የት እንዳለሁ ይጠፋኛል። ቦረና የሆንኩ፣ ከጉሙ ውስጥ ሰው እስኪወጣ የምጠብቅ ይመስለኛል። ያኔ ደግሞ የደሴው ወህኒ ቤት ትዝ ይለኛል፤ ቀን እቆጥራለሁ።

በአራተኛው ማለዳ አሮጊቷ ራሳቸው ወደ በሩ መጡ። የነሐስ እንስራ ይዘዋል። በእጃቸው ጠሩኝ። ጎንበስ ብዬ ሁለት እጄን አጋጥሜ ዘረጋሁ፤ ከላይ አንቆረቆሩልኝ፤ ጠጣሁ። ውኃው አፈር አፈር ይላል። ያልፈላ ነበር፤ ዘነቡን ያስጠነቀቅኳትን ዓይነት። ግን ይህን ውኃ እምቢ የሚል ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?

ከሰዓት በኋላ ሚስተር ጆሺ መጣና አብረን ገባን። ጨው አለበት ብለን እንዴት እናሳይ? ያንን ምስር ማንም አፉ ላይ አያደርገውም። ሚስተር ጆሺ የሳይንስ መምህርነቱ ትዝ አለው። እንዲህ እናድርግ አለ፤ አሮጊቷም እሺ አሉ። ከእኛ ምስር ማንም ካልፈታው ጆንያ ራሳቸው ዘግነው፣ በራሳቸው ትሪ፣ በጥቂት ውኃ አጠቡት። እጣቢውን ውኃ ብቻ በትሪው ላይ አስቀርተው ጣራ ላይ አሰጡት። በማግስቱ ከጠዋት ጀምረን አራታችን ጣራው ላይ ተቀምጠን ስናይ ዋልን። እርግብ ይወርዳል፣ ይነሳል። ከሩቅ ባሕሩ እንደ ብርጭቆ ያበራል። ውኃው እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄደ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ትሪው ላይ የቀረው ነጭ ነገር ነበር፤ እንደ አቀስታ ውርጭ።

አሮጊቷ በጣታቸው ጫፍ ነክተው ምላሳቸው ላይ አደረጉት። የራሳቸው ትሪ ነው፣ የራሳቸው እጅ ነው። ቀና ብለው ለልጃቸው አንድ ቃል ተናገሩ።

«ባሕር ነው አሉ» አለኝ ሚስተር ጆሺ።

ሚስተር ሻህ ወረቀቱን ሲፈርም እናቱ ሌላም ተናገሩ። ሚስተር ጆሺ ቶሎ አልተረጎመልኝም።

«ምን አሉ?»

«ያን ቀንም አፍህ እውነቱን ነበር የተናገረው። በማን ጆንያ ላይ እንደምትናገር ግን አልጠየቅህም፣ አሉ።»

አገሬ የገባሁት ከጓድ ሽፈራው ስምንት ቀን ዘግይቼ ነው። የእሱ ሪፖርት ቀድሞኛል፤ ገዢው እምቢ አለ፣ ይላል። ተጓዦቹ ተመልሰዋልና የቆመው ምርመራ ቀጥሏል።

ወረቀቱ ሠራ፤ አልዋሽም። ጥቂት ቀን ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ዞረና መሪጌታ ተፈቱ። በወህኒ ቤቱ በር ላይ የጠበቅኋቸው ግን ሌላ ሰው ናቸው። ሁለት እስረኛ ደግፎ አወጣቸው። ውስጥ እግራቸውን ገርፈዋቸዋል። ቦረናን ከለጋምቦ በእግሩ ያዳረሰ ሰው መሬቱን እንደ እሳት እየፈራ ይረግጣል። መቼ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ነገሩኝ። ቆጠርኩት። እኔ ቦምቤይ መንገድ ላይ የቆምኩበት ሁለተኛው ማለዳ ነበር።

የመካነ ሰላም የጭነት መኪና ላይ፣ ከሾፌሩ ጎን አስቀመጥናቸው። አቀስታ ላይ ሾፌሩ ሻይ ሊጠጣ ወረደ። ጉሙ መስታወቱ ላይ ተለጥፏል፤ ከተማው አይታይም። መናገር ነበረብኝ።

«መሪጌታ፣ የዘገየሁት በራሴ ጥፋት ነው» አልኳቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

«አስገቢ አልያዝክም» አሉ።

«አልያዝኩም።»

«ቸኮልክ።»

«ለእርስዎ ብዬ ነው የቸኮልኩት።»

«ለእኔ ብለህ!» አሉ። ሊስቁ ነበር መሰለኝ፤ ሳል ሆነባቸው። «ይህን ስትል እግሬ እንዳይሰማህ።»

ከጉሙ ውስጥ የአህያ ኮቴ መጣና አለፈ።

«ሴትዮዋ ውኃውን የሰጡህ በእጃቸው ነው?»

«በእጃቸው።»

«ማንም ሳያዛቸው?»

«ማንም።»

«እንግዲህ እርሳቸው ከሰጡህ እኔ ምን ቤት ነኝ» አሉና ፊታቸውን ወደ መስታወቱ አዞሩ።

ይቅር አሉኝ ይሁን፣ አልቻሉም ይሁን፣ ከዚያ በኋላ በኖሩባቸው ዓመታት ደፍሬ አልጠየቅኳቸውም። መካነ ሰላም ስንደርስ ሰው ከበበን። ቃሬዛ ይምጣ ተባለ። እርሳቸው እጃቸውን አንስተው ሰዉን ገለል አደረጉና ወደ እኔ ዘረጉት። ጀርባዬን ሰጠኋቸው፤ አንገቴን አቀፉኝ። ወህኒ ቤት የከረመ ሰው ምን ክብደት አለው? ስንት ዓመት ሙሉ ኩንታል ያዘልኩ ሰው ነኝ። ከገበያው እስከ ቤታቸው ድረስ ግን ሦስት ጊዜ ቆሜ ማረፍ ነበረብኝ።